ጠያቂ

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
የመጨረሻው ታክሲ ዞሮ ሲመለስበት፣
ረዳቱ «መልስ የለም» ብሎ አምስት ብሬን ዋጠ፤
ወረድኩ፣ ቦርሳዬ በመጠይቅ እንዳበጠ።

አርባ ስድስት ሞልቻለሁ፤ አርባ ሰባተኛዋ
ብሎክ ሁለት መቶ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ ቤቷ።
ደረጃው ላይ ጀሪካን፣ ከታች እስከ ላይ ቢጫ፤
ውሃ ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ያውም ከመጣ ብቻ።

አንኳኳሁ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ከፈቱ በሩን፣
ቀሚሳቸው ላይ እያበሱ የሳሙና እጃቸውን።
«እንደምን አደሩ፣ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ» አልኩኝ።
ፊታቸው በራ። «ግባ፣ ግባ የኔ ልጅ» አሉኝ።
«ጠያቂ አያሳጣህ! ማን ነገረህ መታመሙን?
ሰው ሁሉ እኮ ረስቶን…» ጎተቱልኝ በርጩማውን።

ከመጋረጃው ኋላ ጋሽ ደበሌ ተኝተዋል።
የብረት ፋብሪካ ዘበኛ፣ ሠላሳ ዓመት ቆመዋል፤
አሁን አይቆሙም።
«ተቀመጥ» አሉኝ በዐይናቸው።

ምን ልበል? ባዶ እጄን ነኝ። ብርቱካን የለ፣ ሙዝ የለ፤
ክላሰር ብቻ፣ እስክሪብቶ በክር የተንጠለጠለ።
ጉሮሮዬን ጠርጌ የፈቃድ ቅጹን አነበብኩ፤
«በፈለጉት ሰዓት ማቋረጥ መብትዎ ነው» አልኩ።
«ምኑን?»
«ጥየቃውን» አልኩ፣ ምላሴ ተሳስቶ።
«ጥየቃ ይቋረጣል እንዴ፣ ሰው ለሰው መጥቶ?»

ጥያቄ አሥራ ሁለት። በጤና ጣቢያው ረክተዋል?
ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይስጡት።
«ቁጥርማ እነሱ ሰጡን፤ ሰማንያ ሁለት ነበርን፤
ካርድ ክፍል ስንደርስ ምሳ ወጡ፣ ጠበቅን።
ላብራቶሪው ‹ኬሚካል አልቋል፣ ውጭ አሠሩ› አለን፤
ውጭ ማለት ደጅ መስሎን፣ ደጁ ላይ ዋልን።»
ሳቁ። መጋረጃውም አብሮ ሳለ፣ ወይ ሳቀ።

ጥያቄ አሥራ ዘጠኝ። የሚማር ልጅ አለ?
«የልጅ ልጄ ምንተስኖት። ሰባ ሁለት ናቸው ባንድ ክፍል፤
ለመምህሯ ስሙ ትዝ የሚላት የቀረ ዕለት ነው።»

ወረዳውስ? መታወቂያ?
«አምስት ጊዜ ሄድኩ፤ ‹ሲስተም የለም› ይሉኛል።
ይኼ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ምን ነክቶት ይሆን?» አሉ
በአንድ ዐይናቸው እየቀለዱ፤
«ሁልጊዜ የለም። ታሞ እንደሁ እሱንም እንጠይቅ።»

አራት ብዬ ልጻፍ? ሁለት? ቀልድ ስንት ነጥብ አለው?

ጥያቄ ሠላሳ አንድ።
ለነዚህ ችግሮች ተጠያቂው ማን ነው?
ሀ. መንግሥት። ለ. ኅብረተሰብ። ሐ. ሌላ፣ ይገለጽ።
ዝም አሉ።
ከታች ጀሪካን ሲንኳኳ ይሰማል።
ከዚያ ጣታቸው በቀስታ ወደ መጋረጃው ሄደ፤
«ተጠያቂው? ይኸው፣ የተኛው።»
«አቤት» አሉ ጋሽ ደበሌ፣
ስሙ እንደተጠራ ተማሪ፤
አቤት ብለው ደገሙ፣ ወረዳው እንደሚሰማቸው ሁሉ።

እስክሪብቶዬ አየር ላይ ቀረ።

አማካሪዬ ወረቀቱን አገላብጦ፣
«ሠላሳ አንድ ባዶ ነው» አለ፣ መነጽሩን አውልቆ፣
«ዘጠና ዘጠኝ ብለህ ሙላው፤ የጎደለ መረጃ ነው።»
ሞላሁት። ሠንጠረዥ ስምንት፣ የግርጌ ማስታወሻ።

ሦስት ክረምት አለፈ። ዶክተር ይሉኛል አሁን፤
የእናቴ ዕድር በሙሉ ያሳየኛል ወገቡን፤
«የመጽሐፍ ነኝ» ስላቸው ያዝናሉ።

ሸዋረጋ እስከ ደረጃው ሸኝተውኝ ነበር ያኔ፤
«ደግሞ መጥተህ ጠይቀን» ብለው። እሺ ብያለሁ እኔ።

ትናንት አቃቂ ገበያ አንዲት ልጅ ብርቱካን ደርድራ፣
ቀይ አፈር ገና ያልለቀቀው፣
«ስንት ነው ኪሎው?» አልኳት። ነገረችኝ።

ጠይቄ አለፍኩ።